ለሚወጣ ሰው የሚመታ መዶሻ

ክሊፎርድ ዲንስዴል ያንን ሰው ለምን አመነው? ሚስቱ ኦድሪ ጠይቃዋለች። ወንድሟም ጠይቆታል። እሱ ራሱ ጺሙን ሲላጭ መስታወቱ ውስጥ ያለውን ፊት ጠይቆታል። ሠላሳ አራት ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሯል፤ የጋለ ብረት መቼ እንደሚሰነጠቅ ገና ከቀለሙ ያውቃል። የሰው ቃል ግን አታለለው።

የኤለርሾ ከተማ ነፍስ የባቡር ፉርጎ ፋብሪካው ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጡሩንባው ሲጮህ፣ ሠራተኛ የሌለበት ቤት እንኳ ሰዓቱን በእሱ ይሞላ ነበር። እዚያ አገር የባለሀብት ፓርቲ የሚባሉትን ወግ አጥባቂዎችን መምረጥ ነውር ነው። ልጆች የሚያድጉት ይህንን እየሰሙ ነው። ከምርጫው በፊት በነበረው ሳምንት ግን ኦርምሮድ የሚባል የወግ አጥባቂዎቹ ዕጩ ፋብሪካው ካንቲን ድረስ መጣ። ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አንጥረኞቹ መሀል ተቀመጠና ሥጋ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገርበትን ፓይ በእጁ በላ። መረቁ ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ ሳቀ።

"እኔ እንደራሴያችሁ እስከሆንኩ ድረስ ይህ በር አይዘጋም" አለና የክሊፎርድን እጅ ጨበጠ።

ክሊፎርድ የአንጥረኞቹ አለቃ ነው። ያን ሳምንት ብረት በሚቀጠቀጥበት በየመስፉ እየዞረ "ሰውየው የቃል ሰው ነው" ሲል ሰነበተ። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ መስፍ ላይ አብሮት የመታው ኖርማን ፔች አንገራገረ።

"አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ያንቀኛል፣ ክሊፍ።"

"አባትህ ፉርጎ አይሠራም። በእኔ ይሁንብህ።"

ኖርማን ሰውየውን መረጠ። ኦርምሮድ በጥቂት ድምፅ አሸነፈ። ዓመት ሳይሞላ ፋብሪካው እንደሚዘጋ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ኦርምሮድ በቴሌቪዥን "ልቤ ተሰብሯል፤ ነገር ግን ገበያ ነው" አለ። ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ሁለቴ ተሰብስቦ፣ አንጥረኛ ሁሉ ሌላ ሙያ ቢማር መልካም ነው የሚል ወረቀት አወጣና ተበተነ። ለኤለርሾ የደረሰላት ይኸው ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኖርማን ለክሊፎርድ ሦስት ቃል ብቻ ይናገር ጀመር፤ "ያዝ"፣ "ምታ"፣ "ተው"።

በአንጥረኞቹ ክፍል ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ንግግር አይደረግለትም። ከመስፉ ተነስቶ እስከ በሩ ሲራመድ የቀሩት ሁሉ መዶሻቸውን አንስተው ብረት ይመቱለታል፤ ጆሮ እስኪደነቁር። በዝምታ የሚወጣ የከዳ ሰው ብቻ ነው። ክሊፎርድ ያንን ዝምታ በዕድሜው አንድ ጊዜ አይቷል፤ ጓደኞቹ ሥራ አቁመው አድማ ላይ ሳሉ ተደብቆ የሠራ ሰው ሲወጣ። ሰውየው በሩ ጋ ሲደርስ ግድግዳ ያዘ።

የመጨረሻው ቀን አርብ ዋለ። ሁሉም በአንድ ቀን የሚወጣ ስለሆነ፣ ወጣቶቹ ቀድመው፣ ብዙ ዓመት የሠራው ኋላ እንዲወጣ ተስማሙ። ኖርማን ከመጨረሻው በፊት፣ ክሊፎርድ መጨረሻ።

"ለክሊፍ ማን ሊመታለት ነው ታዲያ?" አለ አንዱ።

"ወዳጁ አለ አይደል! እንደራሴው ይምታለት!" አለ ሌላው። ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ኖርማን ግን አልሳቀም።

እነሱ ሲስቁ፣ ማን ጠራው ሳይባል ኦርምሮድ ራሱ ከነፎቶ አንሺው ገባ። የመጀመሪያዎቹ ወጣቶች እየተመታላቸው በመውጣት ላይ ነበሩ። ነገሩ ኦርምሮድን ደስ አሰኘው።

"እንዴት ያለ ውብ ልማድ ነው! እኔም ልምታ" ብሎ ከክሊፎርድ መስፍ ላይ መዶሻውን አነሳ። ፎቶ አንሺው ተንበረከከ።

"ያስቀምጡት" አለ ክሊፎርድ።

"ምን አልክ ወዳጄ?"

"መዶሻውን ያስቀምጡት፣ ጌታዬ። ይሄ የሚመታው ሥራውን ጨርሶ ለሚወጣ ሰው ነው። የሚመታውም የሠራ ሰው ነው።"

"ለንደን ላይ ስለ እናንተ ምን ያህል እንደታገልኩ ብታውቅ..."

"ምክር ቤቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስተው ተናገሩ? አንድ ጊዜ እንኳ? እኛ እኮ ጋዜጣ እናነባለን። ካንቲናችን ገብተው ፓያችንን በልተው ቃል ሰጡን። እኔ ደግሞ ያንን ቃል ተሸክሜ ለእነዚህ ሰዎች አደልኩት። እርስዎ ነገ ወንበርዎ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ነገ የእነሱን ዐይን ምን ብዬ ነው የማየው?"

ኦርምሮድ መዶሻውን አስቀመጠ። ዞሮ ወደ በሩ ሲራመድ ማንም ሳያዛቸው ሁሉም መዶሻቸውን መሬት አስቀመጡ። ክፍሉ ጭጭ አለ። ኦርምሮድ ምኑም አልገባውም፤ አክብረውኝ ነው ብሎ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘላቸው።

ከዚያ ሰዎቹ በየተራ ወጡ። የመዶሻው ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ኖርማን ሲወጣ የሚመታው ክሊፎርድ ብቻ ነበር። ክንዱ እስኪዝል መታለት። ኖርማን ዞሮ አላየም።

ክሊፎርድ የቆዳ ሽርጡን ፈታ፤ አጥፎ መስፉ ላይ አኖረው። መራመድ ጀመረ። ከውጭ አንድ ሰው የበሩን ብረት በድንጋይ ቢመታ እንኳ ይበቃው ነበር። ማንም አልመታም። የጫማውን ድምፅ ብቻ እየሰማ ወጣ።

ኖርማን ውጭ ቆሞ ነበር፤ ከእግሩ ሥር የወደቀ የብረት ዘንግ አለ።

"ልመታልህ አንስቼው ነበር፣ ክሊፍ። እጄ እምቢ አለኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ያልከውን ሰምቻለሁ። ደህና አልክ። ግን ዘገየህ።"

በተለያየ መንገድ ሄዱ።

ኦድሪ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ የጠየቀችው "መቱልህ?" ብላ ነው።

"መቱልኝ" አላት።

እራቱን ቀማመሰና ተኛ፤ ግን ዐይኑ ተከፍቶ ነው ያደረው። ኦድሪ ስትነቃ እሱ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ጡሩንባውን እንደሚጠብቅ ሰው ጆሮውን አቁሟል። ጎዳናው ላይ የጫማ ድምፅ የለም። ጡሩንባው አልጮኸም። ያኔ እንቅልፍ ወሰደው፤ ትንፋሹ ረዘመ፤ እጁ ከብርድ ልብሱ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። ኦድሪ ሰዓቱን አየች፤ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።