ታንኳ የሚቆምበት ዳር

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

ጎህ ሲቀድ ከሆቴሉ ወጥቼ የዘጌን ጀልባ ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ሽሽት ነው። አስተርጓሚ ነኝ፤ የአምስት አገር መልእክተኞች ስብሰባ ላይ ሦስት ቀን ከርሜያለሁ። የላኳቸው ሁሉ ሕዝብ የመረጣቸው መንግሥታት ናቸው። አንድ ጉልበተኛ አገዛዝ የወዳጃቸውን መሬት ቆርሶ ወስዷል፤ እነሱ ግን «አሳስቦናል» እንበል ወይስ «በጥልቅ አሳስቦናል» እያሉ ይከራከራሉ። ትናንት «በጥልቅ» አሸነፈ።

2 ሰዓት፤ ዘጌ

ከቡናው ጫካ ግርጌ፣ ውሃው ዳር፣ አዲስ የእንጨት አጥር። ከአጥሩ ውጭ አቶ ፈንታ የሚባሉ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳቸውን ይዘው ቆመዋል። እንዲህ ያለ ታንኳ ከሐይቁ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ካልተንጠፈጠፈ ይበሰብሳል፤ የእሳቸው ማቆሚያ ደግሞ ከአጥሩ ውስጥ ቀርቷል።

ያጠረባቸው ሞተር ጀልባና ዘበኞች ያሉት ባለሀብት ነው፤ የዚህንና የሁለቱን ጎረቤት ወደቦች ዓሣ ሰብስቦ ለከተማው ሆቴሎች የሚያቀርበውም እሱ። የሦስቱም ወደብ አጥማጆች ግን አስቀድመው እጅ አውጥተው ተማምለው ነበር፤ አንዱ ወደብ ከተነካ ማንም አይሸጥለትም ብለው።

«ታዲያ ሲያጥርብዎት ምን አደረጉ?»

«ጠበቅሁ ልጄ። የሁለቱ ወደብ ሰዎች ሽማግሌ ልከው እጅግ አዝነናል አሉኝ። በነጋታው ዓሣቸውን ሲጭኑለት አየሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቀዋለሁ።

«ሌላ ታንኳ ቢሠሩስ?»

«የሚሠራበት ደንገልም የሚበቅለው ከአጥሩ ውስጥ ነው። ይቺ ከበሰበሰች ቤቴን በምን አሳድራለሁ?»

4 ሰዓት፤ ሾላው ሥር

የሦስቱም ወደብ ሰዎች ተሰብስበዋል። ለምን ዛሬ? ሌሊት በሁለተኛው ወደብም የአጥር እንጨት ተተክሎ አደረ። የዚያ ወደብ ተመራጭ አቶ ምናሉ መሬት መሬቱን እያዩ ጀመሩ።

«አያ ፈንታ፣ በድለነዎታል። ወደኛ አይመጣም ብለን ነው።»

ከሦስተኛው ወደብ አንዱ፣ «ካልሸጥን ምን እንበላለን?» አለ።

«ዓሣውን» አሉ አቶ ፈንታ።

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ላለመሸጥ እጅ ወጣ፤ የቀረ የለም። አቶ ምናሉ ተነሥተው የታንኳውን አፍንጫ ያዙ። «የእኔ ዳር ገና አልተዘጋም። ያንሱ፣ እዚያ እናቁማት።»

ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፤ ባሕር ዳር

በሆቴሉ እራት ላይ አስተናጋጁ ዓሣ እንደሌለ ተናገረ። መልእክተኞቹ ተቆጡ። አንዱ ሥራ አስኪያጁ ይጠራ ሲል አራቱ ወዲያው ደገፉት። በሦስት ቀን ውስጥ በአንድ ድምፅ ሲስማሙ ሳይ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። «አጥማጆቹ አንሸጥም ብለዋል» አለ፤ ተረጎምኩ።

«ለምን?» ብለው ጠየቁት።

ይህን አልተረጎምኩለትም። ወንበሬን ወደ እነሱ አዙሬ፣ ከ«እጅግ አዝነናል» እስከ ሾላው ሥር ያለውን ራሴ ነገርኳቸው።