መልእክተኛው ቤይሩት የገባ ቀን

ታናሽ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ ልጆቿ ሁሉ ውጭ አገር የቀሩባት ባልቴት ናት። ጦርነቱ ሲጀመር እህቴ እየደወለች ከሰፈራቸው በታች ያለው መንደር መደብደቡን ትነግረኝ ጀመር። እኔ አውስትራሊያ፣ ዌስት ፉትስክሬይ ተቀምጬ ቶሎ ውጪ ከማለት በቀር ምን አደርጋለሁ? መውጣቱንማ እሷም ፈልጋለች። ፓስፖርቷ ግን በማዳሟ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ማዳሟ ደግሞ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም ብላለች።

ምክንያቷ ፈረንሳይ ናት። ድሮ አገሩን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ለማስታረቅ መልእክተኛ ልከዋል፤ እሱ ከተማው ውስጥ እያለ ማንም ቦምብ አይጥልም ባይ ናት።

መልእክተኛው በገባበት ቀን፣ ከሺፍት ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ እህቴ ደወለች። እነሱ ዘንድ ገና ጠዋት ነው። ሰውየው ቴሌቪዥን ላይ ስለ ተኩስ አቁም እየተናገረ ሳለ ከእነሱ ማዶ ያለው ሕንጻ ተመቷል።

"እትዬ፣ አሁንም አልሄድም እያለች ነው" አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ጎረቤቴ ዘንድ ሮጥኩ። ጎረቤቴ በድሮው ጦርነት ሸሽታ የመጣች የሊባኖስ አሮጊት ናት። በአጥር ላይ የወይን ቅጠል ታቀብለኛለች እንጂ ስለ አገሯ አውርታኝ አታውቅም። ነገሩን በአጭሩ ስነግራት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችኝና ላውድ ላይ አደረገችው። እህቴም ከወዲያ ለማዳሟ ሰጠቻት።

መጀመሪያ የየት መንደር ልጅ ነሽ ተባባሉ። ከዚያ የማዳሟ ድምፅ ከፍ አለ። ዐረብኛውን እህቴ ከኋላ ሆና በአማርኛ ታቀብለኛለች።

"ፈረንሳይ እናታችን ናት፤ እናት ልጇን አትጥልም" አለች ማዳሟ።

ጎረቤቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"እናትሽ አርጅታለች" አለቻት ቀስ ብላ። "ትመጣለች፣ ታዝናለች፣ ትሄዳለች። ቃሏን የሚሰማ ከቀረ ቆየ። የእኔም እናት እንዳንቺ ፈረንሳይን ስትጠብቅ ነው ቤቷ ውስጥ የሞተችው።"

በዚህ መሃል መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አይነሳም። ጎረቤቴ ወንበር ሳበችልኝ፤ መቀመጥ አልቻልኩም። እኔ ማርያምን ስጠራ እሷም በራሷ ቋንቋ ስትጠራት ሰማኋት።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ስልኩ ጠራ። ታክሲ ውስጥ ናቸው። ማዳሟ ቁምሳጥኑን ከፍታ ፓስፖርቱን እህቴ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ "አብረን እንሂድ" ብላታለች። ተራራው ላይ ወዳለው ወደ ወንድሟ ቤት እየወጡ ነው፤ መንገዱ በመኪና ታጭቆ ገና ከከተማው አልወጡም። ተራራው ላይ መድረሳቸውን እስክሰማ ከጎረቤቴ ቤት አልተነሳሁም።

መልእክተኛው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ድብደባው ግን ቀጠለ። እህቴም አውሮፕላን እስክታገኝ ብዙ ተጉላልታ በመጨረሻ አዲስ አበባ ገባች። ማዳሟ አሁንም ወንድሟ ቤት ናት። አንዳንድ ቀን ለጎረቤቴ ትደውልና ብዙ ያወራሉ፤ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።