ሮዳጅ ላይ ነን፣ ይታገሡን

ባለፈው ሳምንት ፍሬን ላሠራ እዚሁ በስደት በምኖርበት ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ወደ ውስጥ በኩል ተበትኖ እንደገና የተገጣጠመ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳና ሽታው መጣብኝ፤ አዲስ ቀለም ከጋለ ብረት ላይ ሲነድ፣ ሲገጣጠም የተቀባው ዘይትም አብሮ ሲጨስ የሚመጣው ያ ሽታ። አጠገቤ የተቀመጠው ደንበኛ አፍንጫውን ይዞ ወጣ። እኔ ግን ካሸተትኩት አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነውና እንደ ሞኝ ደጋግሜ ሳብኩት።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከተፈራ ጋር እዚሁ ከተማ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የአንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ቤት ላይኛው ፎቅ ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ ሆቴል አንሶላ አጥባለሁ፣ እሱ ፋብሪካ ውስጥ የፕላስቲክ ባልዲ ይሠራል። ተፈራ ለባልዲ የተፈጠረ ሰው አልነበረም። አዲስ አበባ እያለ ትምህርቱን ትቶ ጋራዥ የገባ፣ የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ልጅ ነበር፤ አባታችን ደግሞ ሸሚዛቸው ላይ ቀለም ጠብ ሳይል ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ኋላም የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆኑ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው ጥፍሩ ሥር ጥቁር ዘይት ይዞ ለማዕድ ሲቀርብ ማየት አልቻሉም። አንድ ቀን «እጅህ ሳይጠራ ቤቴ እንዳትገባ» አሉት። የመካኒክ እጅ ደግሞ አይጠራም። ወጣ፤ በሱዳን በኩል አገር ጥሎ ሄደ፤ ከዓመታት በኋላ እኔን ሲያስመጣኝ እንኳ ስለ እሳቸው አንዲት ነገር አልጠየቀኝም።

በረዶው መሟሟት ሲጀምር ሞተሯ የደከመ ትልቅ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ገዛ፤ ሽማግሌውም የጓሮ ጋራዡን ፈቀደለት። ሁለቱም እንግሊዝኛ አይሆንላቸውም፤ ግን ተፈራ «ቴስታታ» ሲል ሽማግሌው የሞተሩን ክዳን አብሮት ያነሳል፣ «ጓርኒሲዮን» ሲል ማሸጊያውን ያቀብለዋል፣ ካቻቪቴ ሲጠይቅ ካቻቪቴ ይመጣል። የአገራችን መካኒክ በጣሊያን ቃል እንዳደገ ሰውየው ከየት ያውቃል? ሽማግሌው ተፈራ ሮም የተማረ እንደመሰለው ነው የሞተው ብዬ አምናለሁ።

ሞተሩን መግጠም ስድስት ቅዳሜ ፈጀብን። እኔ የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እሱ ሳይሰማኝ የሚያውቀውን ይሠራል፣ መጨረሻ ላይ የመጽሐፉና የእሱ አንድ ሆኖ ሲገኝ «እና ምን ይላል?» ብሎ ይኩራራብኛል። ፋሻ የሚሉትን፣ ፒስተኑን እንደ ቀለበት የሚከበውን ስስ ብረት መግጠም ግን ጣትሽ ቀጭን ነው ብሎ ለእኔ ተወልኝ። አንድ በአንድ ዘይት እያስነካሁ፣ እንዳይሰበርብኝ ትንፋሼን ይዤ አስገባሁት። ፋሻው ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተፋጭቶ እስኪላመድ ሞተር ሞተር አይባልም ይለኝ ነበር። በሰባተኛው ቅዳሜ ተነሳ። ጋራዡን ያ ሽታ ሞላው፤ ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀ፤ የተፈራ ዓይን እንባ አቅርሮ አየሁና ገና ሳልጠይቀው፣ ጭሱ ነው አለኝ።

ከዚያ ሮዳጅ መጣ፤ አዲስ የተገጠመ ሞተር ከራሱ ጋር እስኪላመድ የሚለማመጡት ጊዜ ማለት ነው። ሕጉን ተፈራ ከአዲስ አበባው አለቃው ተቀብሏል፣ ሽማግሌውም አጽድቆለታል። ለመጀመሪያው ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ከሰማንያ በላይ አይነዳም፣ በየሰዓቱ ቆሞ ያርፋል፤ አለዚያ ሞተሩ ይነክሳል፣ ብረት ከብረት ተጣብቆ ቀጥ ይላል። ከኋላ የሚመጣው ሾፌር እንዲያውቀው ብሎ በካርቶን ላይ «ሮዳጅ ላይ ነን፣ ይታገሡን» የሚል በአማርኛ ጽፎ የኋላ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። በእንግሊዝኛ ልጻፍልህ ስለው፣ ጨዋ ሰው ባያነበውም ይገባዋል አለኝ። ያ ሁሉ ጨዋ ክላክስ ሲነፋብን ከረመ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ማለዳ፣ ስልክ ጮኸ። አባታችን ናቸው። ቁጥራችንን ለአክስቴ ከጻፍኩት ደብዳቤ ላይ አግኝተውታል። ከመንግሥት ቡድን ጋር ኒውዮርክ ለስብሰባ መጥተው ሊመለሱ ነው፤ ከእኛ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ሞንትሪያል አውሮፕላን ይቀይራሉ፤ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ኤርፖርቱ ሻይ ቤት ብቻቸውን ይቀመጣሉ፣ ከዚያ ከጓዶቻቸው ጋር ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከስደተኛ ልጅ ጋር መነጋገር ያስጠይቃቸዋልና በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። «ለዚያ ልጅ ንገሪው፤ እጁን ሳይታጠብ ይምጣ። እንዳለ ይምጣ» አሉኝ።

ነገርኩት። ተፈራ መታጠቢያ ቤት ገባና በልብስ ሳሙናና በብሩሽ እጁን ሲፈትግ ግማሽ ሰዓት ቆየ።

የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል፤ የሚቀጥለው አያደርሰንም። ቢያደርሰንም ተፈራ እሺ የሚል አይመስለኝም፤ ሞተሩን ሊያሳያቸው ፈልጓል፣ በገዛ እጁ የሠራውን ከፍቶ እዩት ሊላቸው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። በመቶ ብንነዳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይተርፈናል። መርፌዋ ግን ሰማንያ ላይ እንደተሰካች ቀረች፤ በዚያ ዝርግ መንገድ ላይ ከፍም ዝቅም ሳትል፣ ከባድ መኪናዎች እየጮሁብን እያለፉ፣ በየሰዓቱ ቆመን እሱ ክዳን ከፍቶ የእጁን ጀርባ ከሞተሩ እያስጠጋ።

«ጋሽዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ጨመር አድርግ» አልኩት።

«ቢነክስስ? መንገድ ላይ ብንቀር ጭራሽ አናያቸውም።»

ነገሩ ልክ ነበር። በመጨረሻ አለቀስኩበት፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ መሪውን ጨብጦ በሰማንያ ነዳ።

የደረስነው ለአስር ሩብ ጉዳይ ነው። ሻይ ቤቱ ባዶ ነበር። ጥግ ባለች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ስኒ አየሁ፤ አንዱ ተጠጥቷል፣ ሁለቱ እንዳይቀዘቅዙ በማስቀመጫቸው ተከድነዋል። እዚህ አገር ሻይ የሚከድን ሰው የለም። ተፈራ ተቀመጠ፣ ክዳኑን አነሳ፣ በዚያ በተፈተገ፣ ደም በቋጠረ እጁ የቀዘቀዘውን ሻይ እስከ አተላው ጠጣ። እኔ የኔን መንካት አልቻልኩም።

በዓመቱ የአባታችን መርዶ መጣ። መኪናዋም ከዚያ ጉዞ ወዲህ ዘይት መብላት ጀመረች፤ ሰማያዊ ጭስ እየጎተተች ከፓርክዴል ጫፍ እስከ ጫፍ እንታወቅ ነበር። ተፈራ ምክንያቱን ፈልጎ አጣው፣ ሌላ ሞተርም እስከ ዛሬ ሠርቶ አያውቅም፤ ወደ ባልዲው ተመለሰ። ዘይት ሲበላ የሚጠረጠረው ፋሻ መሆኑን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ፋሻውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። አንድም ቀን አንቺ ነሽ አላለኝም፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ነኝ እያልኩ ኖሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሽታው አነሳሳኝና የጋራዡን ባለቤት፣ እዚሁ የተወለደውን ጀማልን፣ ይህን ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር በዝግታ ትነዱታላችሁ ብዬ ጠየቅኩት።

«አንቲ፣ ኖ፣ እሱ የድሮ ነው» አለኝ እየሳቀ። «ስሎው አድርገሽ አንድ ስፒድ ላይ ብቻ ከነዳሽው ሪንጉ ሲት አያደርግም። ግድግዳው እንደ መስታወት ይሆናል፣ ከዛ ሁሌ ዘይት ይበላል። ሃይዌይ ወስደሽ ጋዝ መስጠት ነው፣ አፕ ኤንድ ዳውን፣ ከፍ ዝቅ እያረግሽ።»

ሪንግ የሚለው ያንኑ ፋሻችንን ነው፤ ሲት አያደርግም ማለቱም ከግድግዳው ጋር አይላመድም ለማለት ነው። በመቶ ቢነዳስ አይነክስም ወይ አልኩት። በደንብ ከተገጠመ ምንም አይሆንም አለኝ።

ትናንት ተፈራን ልጠይቀው ክሬሰንት ታውን የሚባለው ሰፈር፣ አስራ አራተኛ ፎቅ ሄድኩ። ብቻውን ነው የሚኖረው። ከእንግዲህ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ እኔም ልሰጠው የምችለው ነገር የለኝም። እጁ ነጭ ሆኗል፣ ጥፍሩ ሥር ምንም የለም፤ አባታችን አሁን ቢያዩት በራቸውን ይከፍቱለት ነበር። ሻይ አፍልቼ ስቀመጥ፣ በየጊዜው የሚጠይቀኝን ጠየቀኝ።

«ያን ቀን በመቶ ብነዳት ትነክስ ነበር፣ አይደል?»

የጀማል ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔን ከአርባ ዓመት ጸጸት የሚያወጣኝ ያ ቃል ነው፤ በሰማንያ በመንዳቱ አባታችንንም ሞተሩንም በከንቱ እንዳጣ የሚነግረውና እሱን የሚገድለው ግን ያው ቃል ነው።

«ትነክስ ነበር፣ ጋሽዬ» አልኩት። ያም አልበቃ ስላለኝ፣ «ዘይት መብላቷም በኔ ነው፤ ፋሻውን አበላሽቼ የገጠምኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠና እጄን ያዝ አደረገኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ልጅ ነበርሽ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።»