ስሙ የማይጠራው ዛፍ

ቅዳሜ፣ ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ

ከሆሳዕና መናኸሪያ የተነሳሁት ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጉዞው በመሥሪያ ቤት ወረቀት "የመስክ ሥራ" ይባላል፤ እውነቱ ግን አማቴን እንዳሳምን መላኬ ነበር። በሃዲያና በከምባታ ምንጮችን በሚንከባከብ ፕሮጀክት ውስጥ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። ባለቤቴ ከተወለደበት፣ ከዱራሜ ወጣ ካለው ቀበሌ አንዲት ምንጭ አለች፤ ከዓመት ዓመት እየቀጠነች ሄዳለች። ዙሪያዋን የቆሙት ባሕር ዛፎች የባለቤቴ አባት ናቸው። ከእኔ በፊት ሦስት ባለሙያዎች ሄደው "ይቁረጡ" ብለዋቸው ነበር። ሦስቱም ቆጮ በጎመን በልተው፣ ተመርቀው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

አለቃዬ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። "አማትሽ አይደሉ? አንቺን እምቢ አይሉም" አለኝ።

ያላወቀው ነገር ነበር። በከምባታም በእኛ በሃዲያም በቆየው ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ቃል ሁሉ ከአፏ አይወጣም። ዛሬ ብዙዎች ትተውታል፤ እኔ ግን በሠርጌ ማግስት ለባለቤቴ እናት ቃል ገብቻለሁ። ከእነሱ ጋር የምንግባባው በአማርኛ ስለሆነ ወጉም አብሮኝ ወደ አማርኛ ተሻገረ። አማቴ አቶ ባልቻ ይባላሉ። እዚህ ላይ የጻፍኩት ወረቀት ጆሮ ስለሌለው ነው። የተከለከለችብኝ 'ባ' ናት፤ እንግዲህ በእሳቸው ፊት ባል የለኝም፣ ባለሙያ አይደለሁም፣ ባቄላም አልበላም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባሕር ዛፍ ማለት አልችልም።

ሚኒባሱ በእንሰቱና በጉሙ መሃል ወደ አንጋጫ ሲወጣ ንግግሬን በሹክሹክታ እለማመድ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ አሞሻል?" አሉኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ።

"የእኔ አማት ሳሙኤል ነበሩ። በከምባትኛ ላም 'ሳ' ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላሜን 'የምትታለበዋ' እያልኩ ኖርኩ።"

"ከበደዎት?"

"እኔንስ አልከበደኝም። ላሚቱን ስሸጥ ገዢው ፍየል መስሎት ነበር።"

ዱራሜ አራት ሰዓት ላይ ደረስን። ከዚያ እስከ ቀበሌው በባጃጅ ነው።

"በምን መጣሽ?" አሉ አማቴ ጉንጬን እየሳሙ።

"በሦስት ጎማ፣ አባባ።"

"ልጄስ?"

"የልጆቼ አባት ደህና ነው።"

ለምሳ አታካና ተሠርቶ ነበር፤ ቅቤው ቡላው ላይ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ግን እጅ መታጠብ አለ። የባለቤቴ እናት፣ እማማ ወርቅነሽ፣ ለአባባ ውሃ ያመጡት በሲኒ ነበር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ውሃ ነዋ" አሉ እማማ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ።

"ለድመት ነው?"

"ምንጯ የሰጠችኝ ይህን ያህል ነው። ካነሰህ ወንዙ አለልህ፤ ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።"

አባባ ሁለት ጣታቸውን አርሰው ወደ ገበታው ቀረቡ። እማማ እኔን ጠቀሱኝ።

በኋላ ማጀት ገብቼ "ለምን በግልጽ አይነግሯቸውም?" አልኳቸው።

"ሲተክል ችግኙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "በአንዱ መደዳ ባልሽ ኮሌጅ ገባ። በሌላው እናንተን ዳርን። ቁረጥ ሲሉት ልጆችህን እርሳ ያሉት ይመስለዋል። አንቺ ስትነግሪው ስድብ እንዳይሆንበት።"

እሑድ፣ ምንጯ ዳር

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰበሰበ። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት ብዙ ተናገሩና "አሁን ከሆሳዕና የመጡት ባለሙያ" ብለው ጋበዙኝ። አማቴ ከፊት ተቀምጠው ከዘራቸውን ተደግፈዋል።

"የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ይህን ምንጭ የሚያደርቀው ያ ዛፍ ነው።"

"የቱ?" አለ ከኋላ አንድ ሰው።

"ረጅሙ።"

"ዝግባው?"

"አይደለም፤ ከውጭ አገር የመጣው። ቅጠሉን ሲታጠኑት ጉንፋን የሚያሽለው።"

"ዳማከሴ!"

"ቅርፊቱን እንደ አሮጌ ሸሚዝ የሚያወልቀው!" ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ሴቶቹ ገባቸው። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሌሎቹ ተከተሏት፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ባሕር ዛፍ!" አሉ። ከዚያ ወዲያ እኔ በጀመርኩ ቁጥር ሕዝቡ ይጨርስልኛል። እኔም ሞቅ አለኝና ተዘናጋሁ።

"ለዚህ ነው ባ..." ብዬ አፌን ያዝኩ። እማማ ወርቅነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "በ... በጣም ብዙ ውሃ የሚጠጣው!"

የአማቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ተቆጡ ብዬ ክው አልኩ። ቀና ሲሉ ግን ከሳቅ ብዛት እንባቸው ይወርዳል። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

"ሦስት ሰው መጥቶ ዛፍህ ጠላት ነው ብሎኛል። ልጆቼን ያስተማረልኝን ነው ጠላት ያሉት። ይቺ ልጅ ግን ስሜ እንዳይነካ ብላ በአገር ፊት ላብ በላብ ሆነች። ታዲያ እኔ የእሷን ስም ላስነካ? አማቷን እንኳ ማሳመን አቃታት ይበሏት?" ወደ ዛፎቹ ዞረው በከዘራቸው አሳዩ። "ምንጯ ላይ ያለው ይቆረጥ። ዳገቱ ላይ ያለው ግን ለቀብሬ ነው፤ እሱን አትንኩ።"

የፕሮጀክቱ መመሪያ ሁሉም ይነሳ ይላል። መመሪያው አማት የለውም። እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ።

ሰኞ፣ ወደ ቤት

ጠዋት የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ አባባ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። እማማ አጠገባቸው ሄደው ቆሙ። ከዚያ አባባ "ለቤትሽ ማደሻ" ብለው አራት አጠና አሸከሙኝ። እምቢ ማለት አይቻልም። አጠናው ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ሆሳዕና ገባን። አለቃዬ መናኸሪያው በር ላይ አገኘኝ።

"ልታስቆርጪ ሄደሽ ነጋዴ ሆነሽ መጣሽ?"

በሪፖርቴ "ከማኅበረሰቡ ጋር በተደረገ ውይይት ግንዛቤ ተፈጥሯል" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ግን አማቴ አንድ ዛፍ ስንት ሊትር እንደሚጠጣ አንዴም አልጠየቁኝም። ያዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ከቦርሳዬ ሳይወጣ ተመለሰ። ለውሃው ሲሉ ያልቆረጡትን ለሰው ሲሉ ቆረጡት።

ክረምት ሲገባ በምትኩ የሚተከል አርባ የአገር በቀል ዶቅማ ችግኝ ላክሁላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ደወሉ።

"አሥራ ሁለቱን ፍየል በላቸው።"

"የማን ፍየል ነው?"

"የእኔ።"

"ሌላ ልላክልዎት?"

"አትላኪ፤ ራስሽ ይዘሽ ነይ" አሉ። "በመልእክተኛ የመጣ ችግኝ ማን ይጠብቃል?"