አባ ጨለማና የመነሻው ዓመት

አባቴን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ባለ ሰባት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሠርቷል፤ ከላይ እስከ ታች ግን መጠሪያው «አባ ጨለማ» ነው። ሰው ከክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ከወጣ መብራቱን ድርግም አድርጎበት ይሄዳል። አንዴ የሒሳብ ሹሟ መጸዳጃ ቤት እንዳለች አጨልሞባት ጩኸቷ ምድር ቤት ድረስ ተሰምቷል ይባላል። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሰው ካለ ድምፅ ያሰማል እንጂ እንዲህ ዝም ይላል እንዴ?»

እቤትም ያው ነው። እናቴ «በጨለማ ስለመረጠኝ ነው ያገባኝ፤ በብርሃን ቢያየኝማ ይሮጥ ነበር» እያለች ትቀልዳለች። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት መጽሐፌን ገልጬ ውኃ ልጠጣ በተነሣሁ ቁጥር መብራት እየጠፋብኝ ነው።

ጠዋት ሥራ ሲገባ ከሁሉ በፊት ምድር ቤት ወርዶ የቆጣሪውን ቁጥር በደብተር ይጽፋል። ማንም አላዘዘውም። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ከትናንት ያለውን ልዩነት፤ ዳር ላይ ደግሞ ምክንያቱን፦ «አራተኛ ፎቅ ማሞቂያ ሲሠራ አድሯል።» «ትልቅ ስብሰባ።» የእኔ ልጅ የተወለደችበት ቀን ላይ ቁጥር የለም፤ «የልጅ ልጅ። ሳላነብ ወጣሁ» ብቻ ይላል። ደብተሮቹ ዐሥራ አራት ነበሩ፤ ከመፍቻዎቹ ጋር ብረት ሣጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል።

ጡረታው ሊደርስ አራት ዓመት ሲቀረው ቆጣቢዎቹ መጡ። ቆጣቢዎቹ የምንላቸው አንድ ድርጅት ነው። ከሕንፃው ጋር ውል ይገባል፤ አዳዲስ አምፖልና ራሱን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ በራሱ ወጪ ያስገባል፤ ከዚያ ከሚድነው ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ስንት እንደዳነ ለማወቅ ግን በፊት ስንት ይፈጅ እንደነበር መታወቅ አለበት። ይህን ነው «መነሻ» የሚሉት። የቆዩት የመብራት ደረሰኞች ደግሞ ቆጣሪ አንባቢው እየቀረ በግምት የተሞሉ ስለነበሩ አልታመኑም። ስለዚህ አዲስ ቆጣሪ ተገጥሞ አንድ ዓመት እንዲለካ ተወሰነ።

የተላከው መሐንዲስ የእኔ እኩያ የሚሆን፣ ትሑት ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ እንደወትሮዎ ይሥሩ» አለው። «ምንም ነገር አይቀይሩ። ሕንፃው በልማዱ ስንት እንደሚበላ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«እሺ ልጄ።»

«የቀድሞ መዝገብ ነገር ይኖራል?»

አባቴ ወደ ብረት ሣጥኑ አየ። ደብተሮቹ ውስጥ ያለው በወር አርባ አንድ ሺህ ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ለዓመታት ሲታገለው፣ እዚህ ሲያጠፋ እዚያ ሲበራበት፣ እሱን ያሸነፈው ቁጥር ነው። ይህን ለእንግዳ ማሳየት ገመናን ማሳየት መሰለው።

«የለም» አለ።

ማታ እራት ላይ «ሰው ዓመት ሙሉ ቤቴን ሊያይ ነው» አለን።

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ታዲያ ጥረገዋ!»

እናቴ ይቺን ቀልድ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም። እኔ ግን እሷ ባትቀልድም ይጠርገው ነበር እላለሁ። እንግዳ እየመጣ ቤቱን እንደተዝረከረከ የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ጠረገው። ኮሪደር ላይ ካሉት አምፖሎች ግማሹን ፈታ። ከሁለቱ ሊፍት አንዱን ሰው በቀነሰ ሰዓት ሁሉ እያጠፋ ሠራተኛውን በደረጃ አስኬደ። የውኃ ማሞቂያዎቹን ከቀትር በኋላ ነቀላቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ሰባቱንም ፎቅ በእግሩ እየወጣ በየክፍሉ አንገቱን ያስገባል። ጉልበቱ አብጦ ሲመጣ በሞቀ ውኃ ፎጣ የማስርለት እኔ ነበርኩ።

«አባዬ፣ ልጁ ምንም አትቀይር አላለህም?»

«ምን ቀየርኩ? ሥራዬን ነው የሠራሁ። ትንሽ በርታ አልኩ እንጂ።»

ሠራተኛው ተንጫጫ። የጽዳት ሠራተኛዋ «አባ ጨለማ፣ በዚህ አያያዝህ ፀሐይዋንም ሳትነቅላት አትቀር» ትለው ነበር። «ለአንድ ዓመት ታገሡኝ፣ ቤታችንን እያዩት ነው» እያለ ለመናቸው። ታገሡት።

ዓመቱ ሲያልቅ አማካዩ በወር ሠላሳ ሦስት ሺህ ሆነ። መሐንዲሱ ተደንቆ «ጋሼ፣ ሕንፃዎ ጨዋ ነው» አለው። አባቴ ያን ቀን ሙዝ ገዝቶ ገባ፤ ለእሱ ሙዝ ትልቅ ደስታ ነው።

ከዚያ ቅጽ አምጥተው አስሞሉት። በዓመቱ ውስጥ የተዘጋ ክፍል አለ? የለም። የቀነሰ ሠራተኛ? የለም። ከሕንፃው የወጣ መሣሪያ? የለም። የሥራ ሰዓት ተቀይሯል? አልተቀየረም። የቀድሞ መዝገብ? የለም። ከመጨረሻዋ በቀር ሁሉም እውነት ነው። አንድ ሰው ደረጃ ለደረጃ ሲሮጥ ከርሞ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን ቅጹ ላይ አልነበረም። ፈረመ። ፊርማውም ያምራል፤ ልጅ ሆኜ እያስመሰልኩ ስለተለማመድኩት አውቀዋለሁ።

አዲሱ መሣሪያ ተገጠመ። ሰው ሲገባ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። አባቴም «እንግዲህ ተኪዬ መጣ» ብሎ አረፍ አለ፤ ጉልበቱም ከዚያ በላይ አይችልም ነበር። የተነቀለው ማሞቂያ ተሰካ። ሊፍቱ ሁለቱም ይወጣ ይወርድ ጀመር። ትዕግሥት ለአንድ ዓመት ነበር የተጠየቀው፤ ዓመቱ አልቋል።

ውሉ ፍጆታው ከመነሻው ሃያ በመቶ እንዲወርድ ይላል። ዓመቱ ሲዘጋ በወር ሠላሳ ሁለት ሺህ መጣ። የወረደው ሦስት በመቶ ብቻ ነው።

አባቴ ቁጥሩን ሲሰማ ወዲያው ገባው። እቤት መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «መሣሪያው ሠርቷል» አለኝ። «ከአርባ አንድ ሺህ ነው ያወረደው። ሃያ ሁለት በመቶ። እኔ ነኝ ስምንቱን ሺህ ቀድሜ የበላሁበት።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«ሌላም ነገር አለ» አለ። ውሉ ላይ፣ ቁጠባው ካልደረሰ ድርጅቱ የሕንፃውን መብራትና ማሞቂያ በራሱ ሰው የማሠራት መብት አለው የሚል አንቀጽ ነበር። የራሱ ሰው ከገባ የአባቴ ቦታ የለም። ጡረታው ሊደርስ ሁለት ዓመት ይቀረዋል። በዚያ ዕድሜና በዚያ ጉልበት ማን ይቀጥረዋል?

በማግሥቱ ዐሥራ አራቱንም ደብተር በከረጢት ተሸክሞ የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገባ። ብቻውን እንዳይሄድ ልጄን ይዤ ተከተልኩት። መሐንዲሱም ተጠርቶ ነበር። መሐንዲሱ ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠ። ዳር ላይ ያለውን ማስታወሻ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብሎ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ያኔ የት ነበር?»

«ሣጥን ውስጥ።»

«ጠይቄዎት ነበር'ኮ።»

«አፍሬ ነው» አለ አባቴ። ስድሳ ሊሞላው የደረሰ ሰው፣ ልጁና የልጅ ልጁ ፊት።

መሐንዲሱ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረ። «እኛ ብናስተካክለው ደስታችን ነው። መነሻው ከፍ ቢል የእኛም ሥራ ይታያል። ግን ያለ እናንተ ስምምነት አይሆንም።»

ሥራ አስኪያጇ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ልጄ ስትወለድ ብርድ ልብስ የላከችው እሷ ነበረች። አንዱን ደብተር ዘግታ በመዳፏ ዳበሰችው። «እኔ አምንዎታለሁ። አሁን ተነሥቼ መነሻውን ከፍ እናድርግ፣ ለድርጅቱ ብዙ እንክፈል ብል ግን ቦርዱ ምን ይለኛል? ‹የለም ብሎ የፈረመ ሰው ዛሬ ከየት አመጣው?› ነው የሚለኝ። በእጅ የተጻፈ ነው። የድሮው ቆጣሪም ተነሥቷል፣ ትክክል ይሁን አይሁን የሚመረመር ነገር የለም።»

«እመቤቴ፣ ቀለሙን ይዩት። ያረጀ ቀለም ነው'ኮ።»

«አየሁት።»

 ልጄ የማብሪያውን ቦታ በዓይኗ ስትፈልግ ቆይታ «አባባ፣ እዚህ ቤት ማጥፊያ የለም?» አለች። የለም። መሣሪያው ሲገባ ሁሉም ተነቅሎ በነጭ ክዳን ተደፍኗል።

እኔ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ደብተሮቹን ገጽ በገጽ በስልኬ አነሣኋቸው። ለቦርዱ ሁለት ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ከሠላሳ ሦስቱ እስከ አርባ አንዱ ያለው ስምንት ሺህ የማሽን ሳይሆን የሰው ጉልበት መሆኑን፣ ከተጠራጠሩ የጽዳት ሠራተኛዋን እንዲጠይቁ አስረዳሁ። ሠላሳ አንድ ሠራተኛ ፈረመበት፤ የሒሳብ ሹሟም ፈርማለች። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት በሁለት መስመር መጣ። ውሉ በተፈረመበት መነሻ የጸና ነው፤ ለተደረገው አገልግሎት ምስጋና ይድረስ። መሐንዲሱ ደውሎልኝ «የሚያሳዝነኝ ምን መሰለሽ፣» አለኝ፣ «ያን ዓመት ሕንፃው ቢያባክን ኖሮ አባትሽ ሥራው ላይ ነበር።» አመሰገንኩት።

በሥራው የመጨረሻ ቀን ዕቃውን ልናመጣ አብሬው ሄድኩ። ድርጅቱ የላከው ልጅ ምድር ቤት ወንበር ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፤ የሰባቱ ፎቅ ቁጥር እዚያው ስልኩ ላይ ይመጣል። ተነሥቶ ወንበሩን ለአባቴ ለቀቀለት። አባቴ አልተቀመጠም። መፍቻዎቹን አስረከበ፣ ደብተሮቹን ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ እጁ ወደ ግድግዳው ሲሄድ አየሁት፤ ነጩን ክዳን ነክቶ ተመለሰ። መብራቱ ከኋላችን በራሱ ጠፋ።

አንድ ወር ያህል ጠዋት ጠዋት ለብሶ ይቀመጥና የሚሄድበት ሲያጣ መልሶ ያወልቃል። እናቴ «ሂድ እስቲ ጎረቤት አጨልም» ብላ ልታስቀው ሞከረች፤ አልሳቀም። ሥራውን ልመልስለት አልችልም፤ ደብዳቤም ጽፌ አይቻለሁ። የምችለው አንድ ነገር ነበር። ቤቴ ከእነሱ ቤት አጥር ለአጥር ነው፤ ቁልፌም እነሱ ጋ አለ። ጠዋት ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ይዣት ስወጣ የኩሽናዬን መብራት እንደበራ ትቼው መሄድ ጀመርኩ።

«እማዬ፣ መብራቱ በርቷል!»

«ተይው፣ አባባ ያጠፋዋል።»

ስመለስ ጠፍቶ አገኘዋለሁ። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ላይ ሆኖ «አንቺ፣ እዚህ ቤት ሰው የለም? አንድ ሰዓት ሙሉ ቦግ ብሎ!» እያለ ተቆጣኝ። ተቆጣኝ! ደስ ብሎኝ አንገቴን ደፍቼ ተወቀስኩ። ብዙም ሳይቆይ የእኛን ቆጣሪ ማንበብ ጀመረ። ዐሥራ አምስተኛ ደብተር ገዛ።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ረስቶት አየሁት። ቀን፣ ቁጥር፣ ልዩነት። ዳር ላይ በዚያ በሚያምር እጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ተጽፏል፦ «ኩሽና። አውቃ ነው።»

ገጹን እንደነበረ ዘግቼ ተውኩት። ዛሬም ስወጣ አላጠፋሁትም።