በበረኪና የታጠበው ጋን

አንድ ተመራማሪ የየቤቱን የጠላ እርሾ ሊሰበስብ ሐይቅ ከተማ እንደመጣና እኛም ቤት እንደሚገባ ስሰማ፣ መጀመሪያ ዐይኔ ላይ የመጣው የእናቴ ጋን ነው። ከእናቷ የወረሰችው ነው። ውስጡ ጠቁሯል፣ ግድግዳው ላይ የደረቀ ድፍድፍ አለ። እናቴ በግራዋ ቅጠል አሸት አሸት ታደርገውና በወይራ ታጥነዋለች እንጂ ሳሙና ነክቶት አያውቅም። እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ሰው ምን ይለናል?

እናቴ ገበያ ስትወጣ፣ ሙያ በልብ ነው ብዬ ለማንም ሳልናገር ጋኑን በሳሙና ፈተግሁት፣ በበረኪና ደገምኩት፣ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ።

ተመራማሪውና እናቴ ደጅ ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ። ትሁት ሰው ነው። እርሾው በሸክላው ቀዳዳ ውስጥ እንደሚኖር፣ ዘሩ ከቤት ቤት እንደሚለያይና የጠላውም ጣዕም በዚያው እንደሚለይ አስረዳት። እናቴም ይህን አንተ ሳትወለድም አውቀዋለሁ፣ የእኔና የእናቴ ጠላ አንድ ነው አለችው። ከዚያ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ወደ ጋኑ ሰደደ፣ አሸተተውና እኔን አየኝ። እናቴም ጎንበስ ብላ አሸተተች።

«የተማረ ይግደለኝ ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የማርያም ማኅበር ተረኛዋ እሷ ነበረች። እልኸኛ ናትና ጋኑን ደጋግማ አጥና እዚያው ጠነሰሰች። ሦስት ቀን ጠበቅን፤ አንድ አረፋ እንኳ አልወጣውም። ማኅበርተኛ ጠርቶ ውሃ ማቅረብ ደግሞ በእኛ አገር ሞት ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤታችን ሄደች፤ ስንት ዓመት ጠላዋን «የእግር መታጠቢያ» እያለች ወደምታማት ሴት። ሴትዮዋ ጥንስሱን ከነእንስራዋ ሰጠቻት፤ ያውም ሳትሳለቅ። ብትሳለቅ ይሻል ነበር።

በማኅበሩ ቀን ቄሱ ቀመሱ፣ ደግመው ቀመሱ። ዘንድሮስ እመቤታችን እጅሽን ባርካዋለች፣ እዚህ ቤት እንዲህ ያለ ጠላ ጠጥተን አናውቅም አሉ። ማኅበርተኛው ሁሉ እውነት ነው አለ። ጎረቤታችን ዐይኗን ከብርጭቆዋ አላነሳችም። እናቴ «አሜን» አለች። እኔ ዳቦ የምቆርስ መስዬ ወደ ጓዳ ሸሸሁ።

ሰው ሲበተን ላጽናናት ሞከርኩ። ይኸው ጭራሽ ተወደደልሽ፣ እርሾ እንደሁ ከየትም ይገኛል አልኳት። እናቴ ብርጭቆ ውስጥ ከቀረው ጠላ ተጎነጨች።

«ጥሩ ጠላ ነው፣ እንከን አይወጣለትም» አለች። «እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፋት። ጠላዋን ግን እስካለፈው ወር ድረስ ስጠጣ ነበር።»