የአክስቴ ቤት ጣውላ

አክስቴ የደብረ ብርሃን ቤቷን ለእኔ ማውረሷ ካሣ ነው ወይስ ስድብ? ዛሬም አላውቅም። ትናንት አናጢው ጋሽ ወርቁ ወለሉን ሲፍቁት የጥድ ሽታ መታኝና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንሁ።

ጣውላውን በሰም የምወለውለው እኔ ነበርሁ። ልጆቿ ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ፣ «እትዬ፣ እኔስ መቼ ነው የምማረው?» አልኋት።

«ፊትሽ ሲታይበት!» አለችኝ።

እውነት መስሎኝ ተንበርክኬ ወር ሙሉ ፈተግሁት። ፊቴ ሲታየኝ ሮጬ ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየችና፣ «ይሄ ፊት ነው? ቀጥይ!» አለችኝ። ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ዓመቴ ነው።

«እንዲህ ያለ ጥድ የት ይገኛል፣ እታለም? ይታደስ እንጂ» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ይነቀልና ሴራሚክ ይግባ» አልኋቸው።

«ምን በደለሽ?» ሲሉኝ፣ ለማንም ያልተነፈስሁትን ነገርኋቸው።

ሰምተው ሲያበቁ መዶሻቸውን አነሡ። «ከየትኛው ጥግ ልጀምር?»